ሒሳብ የማይጠየቅበት አውቶቡስ፦ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ተሞክሮ

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በምትገኘው የአሌክሳንድሪያ ከተማ፣ “ዳሽ” በሚባለው የከተማ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ሒሳብ አይጠየቅም። ነዋሪም ይሁን እንግዳ፣ ተማሪም ይሁን ጡረተኛ፣ መታወቂያም ሆነ ካርድ ሳያሳይ ይገባል፤ የሚፈልገው ፌርማታ ሲደርስ ይወርዳል። አሠራሩ የተጀመረው ነሐሴ 30 ቀን 2013 ዓ.ም (እ.አ.አ ሴፕቴምበር 5 ቀን 2021) ነው።

ስለ ዳሽ ሲነሳ በብዛት የሚነገረው ይኸው የክፍያው መቅረት ነው። በዚያው ዕለት ግን ሌላም ለውጥ ተደርጓል፤ የአውቶቡሶቹ መስመሮች ካርታ እንደገና ተሠርቶ ሥራ ላይ ውሏል። ይህኛው ለውጥ የዜና ርዕስ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ፌርማታ ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ግን ከመጀመሪያው የሚተናነስ አልነበረም። በለውጡ የተጠቀሙ እንዳሉ ሁሉ ፌርማታ የራቃቸውም አሉ። የከተማ ትራንስፖርት እንዴት እንደሚሠራ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና ውሳኔው ማንን እንደሚነካ ለመረዳት የዚህች አነስተኛ ከተማ ተሞክሮ ጥሩ ማሳያ ነው።

አሌክሳንድሪያ ከአሜሪካ ርእሰ ከተማ ከዋሽንግተን በስተደቡብ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ትገኛለች። ስፋቷ 40 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እ.አ.አ በ2020 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ 159 ሺህ 467 ነዋሪዎች ተቆጥረውባታል። በወንዙ በኩል ያለው ምሥራቃዊ ክፍሏ የቆዩ የጡብ ቤቶችና ሱቆች የተደረደሩበት፣ ጎብኚ የሚበዛበት ጥንታዊ ሰፈር ነው። ምዕራባዊው ክፍል ደግሞ ረጃጅም የኪራይ መኖሪያ ሕንፃዎች የበዙበት፣ ሰፋፊ መንገዶች የሚያቋርጡት አካባቢ ነው። ብዙ ነዋሪዎቿ በየማለዳው ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ መከላከያ ሚኒስቴሩ ሕንፃ ወደ ፔንታጎን ወይም ወደ ሌሎች አጎራባች ከተሞች ለሥራ ይወጣሉ፤ ማታ ይመለሳሉ።

ዋሽንግተንና ዙሪያዋ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ አካባቢዎች አንዱ ነው። ከእነዚህ ወገኖች መካከል ብዙዎች በአሌክሳንድሪያ ምዕራባዊ ክፍል ሰፍረዋል። ሳውዘርን ታወርስ በሚባሉትና በድምሩ ከ2 ሺህ በላይ መኖሪያዎች ባሏቸው አምስት ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ ከኢትዮጵያና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ቤተሰቦች በብዛት ይገኛሉ። የከተማው አስተዳደርና ትምህርት ቤቶቹ ከእንግሊዝኛ ሌላ መረጃ የሚያወጡባቸው ቋንቋዎች ስፓንኛ፣ ዐረብኛ፣ ዳሪና አማርኛ መሆናቸውም ይህንኑ ያሳያል። በሆቴል፣ በሆስፒታልና በአውሮፕላን ማረፊያ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የሥራ ሰዓቱ ከቢሮ ሠራተኛው ይለያል፤ ጎሕ ሳይቀድ የሚወጣ አለ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የሚመለስ አለ፣ እሑድም ሥራ የሚገባ አለ። መኪና ለሌለው እንዲህ ያለ ሠራተኛ አውቶቡስ ቀረ ማለት ከደመወዙ አንድ ቀን ጎደለ ማለት ሊሆን ይችላል።

ዳሽ ሥራ የጀመረው በመጋቢት 1976 ዓ.ም (እ.አ.አ በማርች 1984) ነው። ከዚያ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ የዋሽንግተን ሜትሮ ባቡር አሌክሳንድሪያ ደርሶ የኪንግ ስትሪት ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። በየሰፈሩ የሚኖረውን ሕዝብ ከባቡር ጣቢያው ጋር ማገናኘት የአዲሱ አውቶቡስ ዋነኛ ሥራ ሆነ። “ዳሽ” የሚለው ስም የአሌክሳንድሪያን ሕዝብ በደኅና ወደ ቤቱ ማድረስ የሚል ትርጉም ካላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተውጣጣ ነው። ድርጅቱ የራሱ ቦርድ ያለው ኩባንያ ሆኖ ቢቋቋምም ባለቤቱ ከተማው ነው፤ ትርፍ ለማግኘትም አይሠራም። በከተማዋ ከዳሽ ሌላ የዋሽንግተን አካባቢ የጋራ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚያሰማራቸው አውቶቡሶችም አሉ።

ለሠላሳ ሰባት ዓመታት የዳሽ መስመሮች ቀስ በቀስ ሲጨመሩ፣ ሲጠመዘዙና ሲቀጠሉ ኖሩ። አንድ ሰፈር ሲጠይቅ መስመሩ ወደዚያ ዞር ይላል፤ አዲስ ሕንፃ ሲሠራ ሌላ እጥፋት ይጨመራል። እያንዳንዱ ጭማሪ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ተደምሮ ግን አውቶቡሱን ያዘገየዋል፤ ቀጥታ ለሚጓዘው ሰው መንገዱ ይረዝማል፣ ምልልሱም ይሳሳል። በብዙዎቹ መስመሮች ከሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ውጪ አውቶቡስ የሚገኘው በየግማሽ ሰዓቱ ወይም በየሰዓቱ ነበር፤ ጧትና ማታ ብቻ የሚሠሩ መስመሮችም ነበሩ።

እዚህ ላይ የአውቶቡስ ሥራ ሒሳብ ምን እንደሚመስል ማየት ይጠቅማል። አንድ አውቶቡስ ከመነሻው ተነስቶ፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄዶ፣ ተመልሶ ለቀጣዩ ጉዞ እስኪዘጋጅ 60 ደቂቃ ይፈጅበታል እንበል። በዚህ መስመር በየ30 ደቂቃው አውቶቡስ እንዲኖር 2 አውቶቡስና 2 ሹፌር ይበቃል። በየ15 ደቂቃው እንዲሆን ከተፈለገ 4፣ በየ10 ደቂቃው ከሆነ ደግሞ 6 ያስፈልጋል። ሰዓት ሳያይ ከቤቱ ወጥቶ ፌርማታ የሚደርስ ሰው በመጀመሪያው ሁኔታ በአማካይ 15 ደቂቃ ይጠብቃል፤ በመጨረሻው 5 ደቂቃ ብቻ። የመጠበቂያውን ጊዜ ወደ ሦስት እጅ አንድ ለማውረድ ሹፌሩም፣ ነዳጁም፣ አውቶቡሱም ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ተሳፋሪው ከአንዱ መስመር ወርዶ በሌላው የሚሳፈር ከሆነ ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል። ሁለቱም መስመሮች በየግማሽ ሰዓቱ የሚመጡ ከሆነ፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ ሁለት ደቂቃ ቢዘገይና ሁለተኛው ሳይጠብቅ ቢሄድ፣ መንገደኛው መለዋወጫው ላይ ሌላ ግማሽ ሰዓት ሊቆም ነው። በየ10 ደቂቃው በሚመጣ መስመር ላይ ያመለጠ አውቶቡስ ይህን ያህል አያስቆጭም። ተሳፋሪ የጊዜ ሰሌዳ ማጥናቱን ትቶ በፈለገበት ሰዓት መውጣት የሚጀምረውም እንዲህ ያለው ምልልስ ሲኖር ነው።

በኢትዮጵያ ከተሞች መናኸሪያ ውስጥ ሰው ሲሞላ የሚነሳውን ሚኒባስ ለለመደ ይህ ሒሳብ ትንሽ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሲሞላ የሚነሳ ተሽከርካሪ ወንበሩ ባዶ ሆኖ አይጓዝም፤ መነሻው ላይ ሰዓት የሚያባክነው ተሳፋሪው ነው። በጊዜ ሰሌዳ የሚሠራ አውቶቡስ ግን ሁለት ሰው ብቻ ይዞም ቢሆን ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳል። የመጠበቅን ኪሳራ ከተሳፋሪው ላይ አንስቶ በአገልግሎት ሰጪው ላይ የሚጥል አሠራር ነው። የከተማ አውቶቡስ ከታሪፍ በሚገኝ ገቢ ብቻ ራሱን ችሎ መቆም የሚቸገርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ አዲስ አበባም ለከተማ አውቶቡሶቿ ድጎማ ታደርጋለች።

የአሌክሳንድሪያ የትራንስፖርት ኃላፊዎች የገጠማቸው ጥያቄ በግልጽ ቋንቋ ሲቀመጥ የሚከተለው ነበር። ያሉት አውቶቡሶችና ሹፌሮች የተወሰኑ ናቸው። ሰው በሚበዛባቸው ጥቂት ዋና ዋና መንገዶች ላይ ተሰብስበው ቶሎ ቶሎ ይመላለሱ? ወይስ በየሰፈሩ ተበትነው ሁሉም ዘንድ፣ በረጅም ጊዜ ልዩነትም ቢሆን፣ ይድረሱ?

ነገሩ ለመስኖ ተጠቃሚ ገበሬ አዲስ አይደለም። ከአንድ ቦይ የሚወርደው ውኃ ለመንደሩ ማሳ ሁሉ እኩል ቢከፋፈል ለሁሉም ጥቂት ጥቂት ይደርሳል፤ ሰብሉ ግን የትም ላይ በቅጡ ላይጠጣ ይችላል። ለተወሰኑ ማሳዎች በርከት ተደርጎ ቢለቀቅ እዚያ ምርቱ ያምራል፤ በቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬ ግን ተራው ይርቀዋል። የውኃው መጠን በዚህም በዚያም ያው ነው።

የዳሽ ቦርድ በ2012 ዓ.ም ባጸደቀው ዕቅድ ምርጫውን በቁጥር አስቀመጠ። ካለው የአገልግሎት አቅም 85 በመቶው ብዙ ተሳፋሪ በሚገኝባቸው መስመሮች ላይ እንዲውል፣ 15 በመቶው ደግሞ የተሳፋሪው ቁጥር ቢያንስም አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ ለሚያስፈልግባቸው አካባቢዎች እንዲመደብ ወሰነ። እንዲህ ያለ ምርጫ በብዙ ከተሞች ሳይነገር በየመስመሩ ጥምዝምዝ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ቦርዱ በይፋ ቁጥር ማስቀመጡ ቢያንስ ሕዝቡ ምን ላይ እንደሚከራከር እንዲያውቅ አድርጓል።

ከዕቅዱ በኋላ የመጣው የኮሮና ወረርሽኝ ሁሉን ነገር ቢያዘገየውም አዲሱ ካርታ በነሐሴ 2013 ዓ.ም መጨረሻ ሥራ ላይ ዋለ። መስመሮቹ አዲስ ቁጥር ተሰጣቸው፣ ጥምዝምዙ ተቀነሰ። ዋና ዋናዎቹ መስመሮች ጧትና ማታ ብቻ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ በተቀራረበ ልዩነት እንዲመላለሱ ተደረገ። ከእነዚህ መካከል ጎላ ብሎ የሚጠቀሰው መስመር 35 ነው። ከቫን ዶርን የሜትሮ ጣቢያ ተነስቶ በምዕራቡ የከተማዋ ክፍል በሚገኙት ጥቅጥቅ ያሉ መኖሪያዎች መካከል አልፎ እስከ ፔንታጎን ይደርሳል፤ የተመደበለት የጊዜ ልዩነትም 10 ደቂቃ ነው። ፔንታጎን የመከላከያ ሚኒስቴሩ መቀመጫ ከመሆኑ ሌላ የሜትሮ ባቡርና የብዙ አውቶቡሶች መገናኛ ስለሆነ፣ እዚያ የደረሰ መንገደኛ ወደ ዋሽንግተን መሐል ከተማም ሆነ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መቀጠል ይችላል።

በሌላ በኩል ቀድሞ በቤታቸው አጠገብ ያልፍ የነበረው አውቶቡስ የራቃቸው ነዋሪዎች አሉ። ለጤነኛ ጎልማሳ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ በእግር መጨመሩ ቀላል ነገር ነው። ጉልበቷን ለሚያማት አሮጊት፣ ሕፃን አዝላ ዕቃ ለያዘች እናት፣ ወይም መንገዱ በበረዶ በተሸፈነበት የጥር ወር ይኸው አሥር ደቂቃ ሌላ መልክ ይኖረዋል። የቅሬታው ክብደት በተሳፋሪ ብዛት ብቻ የሚመዘን አይደለም፤ አውቶቡስ እጅግ የሚያስፈልገው ሰው አንዳንድ ጊዜ ብዙ ሰው በሌለበት ሰፈር ይኖራልና።

እ.አ.አ በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ በመደበኛ አውቶቡስ መጠቀም ለማይችሉ ሰዎች በቀጠሮ ቤታቸው ድረስ የሚመጣ መጓጓዣ እንዲኖር ያስገድዳል። ይሁንና ግዴታው የተሰፈረው መደበኛው አውቶቡስ ከሚሄድበት መስመር ግራና ቀኝ በሦስት አራተኛ ማይል፣ ማለትም 1 ነጥብ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። ስለዚህ መስመር ከአንድ ሰፈር ሲነሳ የሚነሳው ፌርማታው ብቻ ላይሆን ይችላል። እንደ አሌክሳንድሪያ ባለች ጠባብ ከተማ መስመሮቹ ስለሚቀራረቡ ችግሩ ብዙም አይጎላም፤ ሰፋ ባሉና ሰው ተራርቆ በሚኖርባቸው ከተሞች ግን አከራካሪ ነው።

ወደ ክፍያው ስንመለስ፣ ከለውጡ በፊት የአንድ ጉዞ ታሪፍ 2 ዶላር ነበር። በየጉዞው እየከፈለ በሳምንት አምስት ቀን ደርሶ መልስ የሚጓዝ ሠራተኛ በሳምንት 20 ዶላር፣ ሥራ በሚገባባቸው 50 ሳምንታት ደግሞ 1 ሺህ ዶላር ያወጣ ነበር። በአነስተኛ ደመወዝ ቤተሰብ ለሚያስተዳድርና ወደ አገር ቤትም ገንዘብ ለሚልክ ሰው ይህ ተራ ገንዘብ አይደለም።

ክፍያ መሰብሰብ ራሱ ወጪ አለው። የገንዘብ መቀበያው መሣሪያ ይገዛል፣ ይጠገናል፤ ገንዘቡ ይቆጠራል፣ ይጓጓዛል። ከዚህም በላይ ሰው ሳንቲም ሲቆጥር ወይም ካርዱ አልሠራ ሲለው አውቶቡሱ ቆሞ ይጠብቃል። በአንድ ፌርማታ የሚጠፋው ጥቂት ሰከንድ በሠላሳ ፌርማታ ሲባዛ ምልልሱን ያዛባል። በሹፌርና በተሳፋሪ መካከል ከሚነሱ ጭቅጭቆችም ብዙዎቹ መነሻቸው ሒሳብ ነው፤ ረዳት በሌለበት አውቶቡስ ደግሞ ጭቅጭቁ የሚያርፈው መሪ በጨበጠው ሰው ላይ ነው።

ተሳፋሪው አልከፈለም ማለት ግን ማንም አልከፈለም ማለት አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የቨርጂኒያ ግዛት የሕዝብ ትራንስፖርት ተጠቃሚን ለማበረታታት ካቋቋመው ፈንድ ለአሌክሳንድሪያ 7 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዶላር ተፈቅዶ ነበር። ድጋፉ በየዓመቱ እየቀነሰ፣ የከተማዋ ድርሻ ደግሞ እየጨመረ እንዲሄድ የታሰበ ነበር። የሦስት ዓመቱ ጊዜ ሲያበቃ ሸክሙ በከተማዋ በጀት ላይ አረፈ። የከተማዋ ትልቁ የገቢ ምንጭ በቤትና በቦታ ላይ የሚጣል ግብር ነው። በመሆኑም አውቶቡስ ተሳፍሮ የማያውቀው ባለቤትም ይከፍላል፤ ተከራዩም ቢሆን በኪራዩ ውስጥ ድርሻውን ይሸከማል።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ጥንታዊውን ሰፈር ሊጎበኝ የመጣ ባለጸጋ ቱሪስትም በነጻ ይጓዛል፤ ይህ ገንዘብ ታሪፉን ከመሰረዝ ይልቅ ተጨማሪ ሹፌር ቢቀጠርበትና አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ ቢመጣ አይሻልም ወይ የሚሉ አሉ። ለድሆች ብቻ ቅናሽ ቢደረግስ የሚለው ሐሳብም ይቀርባል፤ ነገር ግን ድህነቱን በወረቀት ለማስረዳት ቢሮ የሚመላለሰው ከሥራው ፈቃድ ለማግኘት የሚቸገረው ያው ሰው ነው። አውቶቡስ እንደ መናፈሻና እንደ ቤተ መጻሕፍት ለሁሉም ክፍት የሆነ የሕዝብ አገልግሎት ሊሆን ይገባል የሚሉትም የዋዛ ሙግት የላቸውም። የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ ወረርሽኙ ከገባበት ከማርች 2020 ጀምሮ አውቶቡሷን ያለክፍያ ማስኬድ በመጀመሯ፣ አሌክሳንድሪያ በግዛቱ ውስጥ ብቸኛዋ አይደለችም።

ውጤቱስ? የአሌክሳንድሪያ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ጁላይ 1 ሲሆን ከኢትዮጵያው ሐምሌ 1 በአንድ ሳምንት ብቻ ይቀድማል። በጁን 2024 በተጠናቀቀው የበጀት ዓመት የዳሽ ተሳፋሪ ቁጥር ከ5 ሚሊዮን አልፏል። ይህም በድርጅቱ ታሪክ እስከዚያ ጊዜ ከፍተኛው ነበር። በዚሁ ወቅት ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ከወረርሽኙ በፊት የነበራቸውን የተሳፋሪ ቁጥር ገና አልመለሱም ነበር።

ቁጥሩ ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን መሳፈር ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሮ ሥራው የሚደርስ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ነጻ በሆነ አውቶቡስ ላይ ቀድሞ በእግሩ ይሄድ የነበረውን ሁለት ፌርማታ የሚሳፈር ሰውም አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ክፍያው የቀረውና መስመሩ የተለወጠው በአንድ ቀን በመሆኑ፣ ከጭማሪው የትኛው ከየትኛው እንደመጣ ለይቶ መናገር አይቻልም። ነጻ ስለሆነ ብቻ ነው ብሎ ተሞክሮውን ለመቅዳት የሚነሳ ሌላ ከተማ ግማሹን ታሪክ ይዞ ይሄዳል።

አዲሱ አሠራር ያልፈታው ችግርም ብዙ ነው። ሜትሮ ባቡርና የአካባቢው የጋራ አውቶቡሶች ያስከፍላሉ፤ ከዳሽ ወርዶ በእነርሱ የሚቀጥል መንገደኛ ኪሱ መግባቱ አይቀርም። አውቶቡሶቹ በአብዛኛው ከግል መኪናዎች ጋር በአንድ መንገድ ስለሚሄዱም በመጨናነቅ ሰዓት አብረው ይቆማሉ። በየ10 ደቂቃው ይመጣል የተባለ አውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ጠፍቶ ሁለት በአንድ ላይ ሲመጡ ያየ ሰው ሹፌሮቹ ቆመው ሲያወሩ የቆዩ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። አንዱ አውቶቡስ በመንገድ መዘጋት ጥቂት ሲዘገይ በሚቀጥሉት ፌርማታዎች የተጠራቀመ ሰው ይጠብቀዋል፤ ያን ሁሉ ሲያሳፍር የበለጠ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ደግሞ የሚያነሳው ሰው ስለማያገኝ ፈጥኖ ይደርስበታል።

ለዚህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መንገድ። አሌክሳንድሪያም እንዲህ ያለውን መንገድ ከአጎራባቿ አርሊንግተን ጋር በማገናኘት እ.አ.አ በ2014 ሥራ ላይ አውላለች፤ በዋሽንግተን አካባቢ የመጀመሪያው ነበር። በሌላው ዋና መንገድ፣ በዱክ ስትሪት ላይ ተመሳሳይ ሥራ ለመሥራት የወጣው ዕቅድ ግን ብዙ ሙግት አስነስቷል። ለአውቶቡስ የሚከለለው መስመር ከመኪና የሚወሰድ በመሆኑ በመንገዱ ዳር የሚኖሩ ሰዎች መኪናው ወደ ሰፈራችን ይሸሻል የሚል ሥጋት አላቸው።

ከተማዋም ባለችበት አልቆመችም። በግንቦት 2015 ዓ.ም ፖቶማክ ያርድ የተባለ አዲስ የሜትሮ ጣቢያ ተከፍቷል። በምዕራቡ በኩል ላንድማርክ ይባል የነበረው ትልቅ የገበያ ማዕከል ተዘግቶ ከፈረሰ በኋላ በቦታው የመኖሪያ ሕንፃዎች፣ የአውቶቡሶች መለዋወጫና አዲስ ሆስፒታል እየተገነቡ ነው። ሆስፒታሉ ከቆየበት ከሴሚነሪ ጎዳና ወደዚያ ሲዛወር በፈረቃ የሚገቡት ነርሶችና ጽዳት ሠራተኞች፣ ታካሚዎችና ጠያቂዎችም መድረሻቸው ይለወጣል። በምዕራቡ ክፍል የሚያልፉት መስመሮች የትኛው በየት በኩል እንደሚታጠፍና የትኛው ሰፈር ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ እንደገና መወሰን ይኖርበታል።